ብሎክ አራት፣ ሦስተኛ ፎቅ

ደብዳቤ ሲመጣ የማነበው እኔ፣
አባቴ ይሰማል ተቀምጦ ከጎኔ፤
ዕብራይስጡ በዓይኔ፣ አማርኛው ባፌ፣
ክፉ ክፉን ዘልዬ፣ ደግ ደጉን አሳልፌ።

የዛሬው ግን አጭር ነው፣ መዝለያ የለው፦
«አቶ ድባቡ ሰጠኝ፣ ቤቱ የሠራተኛ ነው፤
ሥራዎ ስላበቃ ውሉም ይቋረጣል፣
በስልሳ ቀን ውስጥ ቁልፉ ይመለሳል።»
«ሰላምታ ልከዋል» አልኩት።
«ስለ ቁልፉም ጠይቀዋል፤ ምናልባት ሊቀይሩት።»

ሃያ ስድስት ዓመት መርከብ ሲበይድ፣
ከቂሶን ወንዝ አፍ ስንቱ ሲወርድ፣ ስንቱ ሲሄድ፣
እሱ ሆዳቸው ውስጥ በደረቱ ተኝቶ
አንጀታቸውን ሲሰፋ ጭሱን ጠጥቶ፤
ወታደር አልነበረ፣ ሲቪል ነው በወረቀት፣
የጦር ጀልባ ቢጠግን ቀንና ሌሊት፤
ጡረታው የሲቪል፣ ሳሉ ግን የብረት።

ቤቱን የሰጡን ለት ሃይፋ ዝናብ ነበር፣
ግድግዳው እርጥብ፣ ኖራው የሚፈረፈር፤
ከኛ በፊት የኖረ ሩማንያዊ በያጅ
ስሙን በምስማር ጭሮ ሄዷል በወጥ ቤቱ ደጅ።
እናቴ ቀለም ያዘች። አባቴ «ተይው» አላት፣ «ይቆይ፣
ከሥሩ ለኔም ስም ቦታ አለ አይደለም ወይ?»

ወለቃ ላይ አያቴ ማረሻ ቀጥቅጦ
ለባለርስት ይሰጥ ነበር በእህል ለውጦ፤
የሚያርሰው ሌላ ነው፣ እሱ መሬት የለው፣
ቀን ማረሻ የወሰደ ማታ «ቡዳ» እያለው።
«ያ ቀረ» ይላል አባቴ፣ ቀርሜሎስን እያየ፣
«እዚህ አገር ብረት ቀጥቃጭ ከሰው አልተለየ።»
ናቡቴ እንኳ ርስት ነበረው፣ «አልሰጥም» የሚልበት፤
እኛ ያለን ውል ነው፣ ቀን የተቆረጠለት።

ሐሙስ ዛኪ መጣ ከቤቶች ድርጅት፣
ሜትር በወገቡ፣ በእጁ ወረቀት።
በር፣ አንድ። መስኮት፣ ሦስት። ቦይለር፣ የዛገ።
በረንዳው ላይ ሲደርስ ብዕሩን ፈለገ።

አጥሩን አባቴ ነው የሠራው፣
ታናሽ ወንድሜ ዮአብ መዳህ የጀመረ ሰሞን፣
ከመርከብ ቁርጥራጭ፣
ማዕበል አስመስሎ አጥፎ፣
የልጅ ራስ እንዳያሾልክ በጣቶቹ ለክቶ።
ዛኪ «ያልተፈቀደ ጭማሪ» ብሎ ጻፈ፣
«ይነሣ፤ ቤቱ እንደነበረ ይሁን።»
ይህን ሲጽፍ አጥሩን ተደግፎት ነበር፤
ከታች ሦስት ፎቅ አየር።

«ምን አለ?» አለኝ አባቴ።
«ቆንጆ ሥራ ነው አለ» አልኩት።
ሳቀ። ሳሉ እስኪመጣ ሳቀ።
«ልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ
አለቃ የጮኸብኝ በምን ቋንቋ ይመስልሻል?
‹ያልተፈቀደ› የሚለውንማ ቀድሜ ነው የተማርኩት።
አንቺ ስትዘዪ ደስ ይለኝ ነበር፤
አዘላለልሽ ያምራል።»

አርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣
ከጎረቤት ልጅ ማሽን ተዋሰ፤
አጥሩን በአራት ቆረጠው፣ በጨርቅ ጠቀለለው፣
ዮአብን «ወደ ውስጥ ግባ፣ ትወድቃለህ» አለው፣
ዩኒፎርም የለበሰውን፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያልፈውን ዮአብን።
ከዚያ በቀረችው አንዲት ኤሌክትሮድ
ከበሩ የብረት ፍሬም ግርጌ ተንበርክኮ
አንድ መስመር በየደ፣ የጣት ርዝመት፣
እንደ ስፌት የተደራረበ።
ፊደል አይደለም።
ዛኪ ቢያየው ዝገት ነው ይላል፣
ቀለም ቀቢም ይቀባዋል።
ቀጥሎ የሚገባው በያጅ ከሆነ ግን
መብራት ሳያበራ
በአውራ ጣቱ ያነበዋል።